«አላየሁም» ማለት እስከ መቼ ያዋጣል?



ዘወትር እንደ ዋዛ ከምንናገራቸው ቃላት አንዱ «አላየሁም» የሚለው ነው። ዕቃ ጠፍቶ ብንጠየቅ «አላየሁም» እንላለን። ሁለት ሰዎች ተጣልተው ለምስክርነት ብንፈለግም «አላየሁም» ብለን እንገላገላለን። ቃሉ አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ ምስክርነት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከኃላፊነት መሸሻ ነው። ለመሆኑ ዐይናችን ሊያየው በማይችለው ነገር በሰው ላይ ጉዳት ብናደርስ «አላየሁም» ብለን ነጻ መውጣት እንችላለን? እኛ የማናየውን በመሣሪያ አይቶ የሚነግረን ባለሙያስ «አላየሁም» ሲለን ምን ማለቱ ነው? የዛሬው ጽሑፌ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ያተኮረ ነው።

ጥያቄዎቹን ያነሣሣብኝ በሆሳዕና ከተማ በአንድ አነስተኛ የግል ጤና ተቋም የላቦራቶሪ መስኮት አጠገብ ተራ ስጠብቅ የሰማሁት ጭቅጭቅ ነው። ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ነጋዴ ከግቤ ወንዝ በኩል ካለው ቆላ ለንግድ ሰንብቶ በተመለሰ በሁለተኛው ሳምንት ያንቀጠቅጠው፣ ራሱንም ይፈልጠው ጀመር። ሐኪሙ ደሙ እንዲታይ አዘዘለት። ውጤቱን ሊቀበል ወደ መስኮቱ ሲጠጋ ወጣቷ የላቦራቶሪ ባለሙያ «ጋሼ፣ አልታየም» አለችው።

«አልሐምዱ ሊላህ! እንግዲያው ወባ የለብኝም ማለት ነዋ!» አለ።

«እሱን አላልኩም ጋሼ። እኔ ያልኩት አላየሁም ነው። ትኩሳቱ ካልለቀቀዎት ነገ ይመለሱ፤ ደግሜ አያለሁ።»

ሰውየው ተቆጣ። «አንቺ ልጅ፣ ወይ አለ በይኝ፣ ወይ የለም በይኝ! ገንዘብ ከፍዬ አላየሁም እባላለሁ? አላየሁም ማለቱንማ እኔስ መች አቃተኝ!» አላት።

ተራ ይጠብቅ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ወረቀቱን ጽፋ ሰጠችውና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራች። ወደ ቤቴ ስመለስ የሰውየው ቁጣና የልጅቷ እርጋታ ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። ቆይቼ ሳስበው በዚያ መስኮት ሥር ትክክለኛውን ነገር የተናገረችው እርሷ ብቻ እንደነበረች ገባኝ።

እስቲ ልጅቷ ምን እንደሠራች እንመልከት። ከሰውየው ጣት ጫፍ አንድ ጠብታ ደም ወስዳ በመስታወት ስላይድ ላይ ታኖራለች። ከፊሉን ወፍራም፣ ከፊሉን ስስ አድርጋ ትቀባዋለች። ሲደርቅ ጊምሳ በሚባለው ቀለም ታቀልመዋለች። ከዚያ በላዩ ለዚሁ የተሠራ ዘይት አንጠባጥባ ከማይክሮስኮፑ ሥር ታስገባዋለች። ወደ ስላይዱ የሚቀርበው ሌንስ መቶ እጥፍ፣ በዐይኗ በኩል ያለው ደግሞ ዐሥር እጥፍ ስለሚያጎሉ ነገሩ በጠቅላላው አንድ ሺህ እጥፍ ጎልቶ ይታያታል። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሺህ እጅ ሰባቱን ያህል ነው። የወባው ተሕዋስ የሚያድረው በዚያች ሕዋስ ውስጥ ሲሆን በመጀመሪያ ደረጃው እንደ ባለፈርጥ ቀለበት ሆኖ ይታያል። ቀለበቱ ሰማያዊ፣ ፈርጡ ቀይ ነው።

ይህን ቀለበት ማግኘት ግን ቀላል ሥራ አይደለም። በአንድ ማይክሮሊትር፣ ማለትም በአንድ ሚሊሊትር አንድ ሺህኛ ደም ውስጥ ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጉ ቀይ ሕዋሳት አሉ። በተራ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ጥሩ ባለሙያ ተሕዋሱን ማየት የሚችለው ብዙውን ጊዜ በዚያች ማይክሮሊትር ውስጥ ሃምሳ ያህል ሲሞላ ነው። ስለዚህም ደንቡ ባለሙያው «አልታየም» ብሎ ከመጻፉ በፊት ወፍራሙን ደም ስላይዱን እያንቀሳቀሰ ቢያንስ መቶ ቦታ ላይ እንዲመለከት ያዝዛል። መቶው ቦታ ተደምሮ እንኳ የሚሸፍነው ደም አንድ ማይክሮሊትር አይሞላም። በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው ደም ግን ወደ አምስት ሊትር ነው! እንግዲህ ልጅቷ «አላየሁም» ስትል የተናገረችው ያየችውን ያህል ነው። አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። «የለም» ብትል ኖሮ ያላየችውን አምስት ሊትር ደም እንዳየች አድርጋ መመስከሯ ነበር።

በ«አላየሁም» እና በ«የለም» መካከል ያለው ርቀት የአንድን ሰው ሕይወት የሚያህልበት ጊዜ አለ። «የለም» የተባለ በሽተኛ ቤቱ ገብቶ ይተኛል፤ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ከሆነበት በጥቂት ቀናት ውስጥ አእምሮውን ሊያስተው፣ ሊገድለውም ይችላል። «አልታየም፣ ነገ ይመለሱ» የተባለው ግን ሁለተኛ ዕድል አለው።

ጉዳዩ ለአገራችን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታሪክም ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1958 በደጋና ወይና ደጋ የአገራችን ክፍሎች በተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ ሦስት ሚሊዮን ሕዝብ እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። በዘመናችንም እ.ኤ.አ. በ2024 በአንድ ዓመት ውስጥ በአገራችን ከሰባት ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ሆሳዕና ደጋማ ከተማ ብትሆንም ነጋዴዋና ሾፌሯ ወደ ግቤና ወደ ብላቴ ቆላ ሲወርድና ሲወጣ ይኖራል። ስለዚህ የደጋው ሰው «ወባ የቆላ ነገር ነው» ብሎ መተኛት አይችልም።

«ዛሬ ፈጣን መመርመሪያ አለ አይደለም እንዴ? ማይክሮስኮፑ ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በርግጥ ፈጣን መመርመሪያው ማይክሮስኮፕ በማይደርስበት ገጠር ብዙ ነፍስ አድኗል። ይሁንና ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት መመርመሪያዎች የሚፈልጉት የፋልሲፓረም ተሕዋስ የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ነው። ያንን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል የጎደላቸው ተሕዋስያን በኤርትራ፣ ቀጥሎም በአገራችን በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ ተገኝተዋል። የአገራችንም ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። እንዲህ ያለው ተሕዋስ ከመመርመሪያው ያመልጣል፤ ከጎበዝ ባለሙያ ዐይን ግን እንደሌላው ሁሉ ቀለበቱን እንደያዘ ይገኛል። መሣሪያ ሁሉ «አላየሁም» የሚልበት ልክ እንዳለው ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ማየት ራሱ ምን እንደሆነ ከመረመሩት መካከል የእኛው ሊቃውንት እንዳሉበት እዚህ ላይ ሊታወስ ይገባል። በበስራ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1040 አካባቢ በካይሮ ያረፈው ኢብኑል ሐይሠም «ኪታቡል መናዚር» በተባለው መጽሐፉ፣ የምናየው ብርሃን ከነገሩ ወደ ዐይናችን ስለሚመጣ እንጂ ዐይናችን ጨረር ስለሚልክ አለመሆኑን አስረድቷል። ከዚህም አልፎ ዐይን እንዴትና መቼ እንደሚሳሳት ራሱን በቻለ ክፍል ተንትኗል። ስለ ማየት የጻፈው ታላቅ ሊቅ ስለ ዐይን ስሕተትም አብሮ መጻፉ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከስድስት መቶ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1665 እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በማይክሮስኮፕ የቡሽ ቅጠቃጭ ተመልክቶ ያያቸውን ጥቃቅን ክፍሎች በቋንቋው «ትንንሽ ክፍል» የሚል ትርጉም ባለው ቃል ሰየማቸው። እኛ «ሕዋስ» እንላቸዋለን። ከዐረብኛው «ሐዋስ» ጋር የሚዛመደው ይህ ቃል በመሠረቱ የስሜት መሣሪያ ማለት ነው፤ ማየትም መስማትም ሕዋሳት ይባላሉ። በእኛ ቋንቋ የሚያየውም የሚታየውም በአንድ ስም ይጠራሉ ማለት ነው።

ከሁክ በኋላ የመጣው የሆላንዱ አንቶኒ ቫን ሌዋንሁክ የዴልፍት ከተማ የጨርቅ ነጋዴ እንጂ የተማረ ሊቅ አልነበረም። በእጁ ሞርዶ በሠራው ትንሽ ሌንስ በአንድ የውሃ ጠብታ ውስጥ የሚርመሰመሱ ሕያዋን ፍጥረታት አየ። እ.ኤ.አ. በ1676 ይህንኑ ለለንደን ሊቃውንት ማኅበር ቢጽፍ ለማመን ከበዳቸው። እርሱም በከተማው የታወቁ የታመኑ ሰዎችን ጠርቶ አሳያቸውና የፊርማ ምስክርነታቸውን ላከ። በ1677 ደግሞ ሁክ ራሱ ሞክሮ ለማኅበሩ አባላት አሳየ። ከዚያ በኋላ ታመነ። እ.ኤ.አ. በ1880 በአልጄሪያ ቁስጠንጢና ከተማ በወታደሮች ደም ውስጥ የወባን ተሕዋስ ያየው ፈረንሳዊው ሐኪም ላቭራንም ለዓመታት የሚያምነው አጥቶ ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ረቂቁ ዓለም ወደ እኛ የደረሰው በምስክርነት ነው። አብዛኞቻችን ባክቴሪያን በዐይናችን አይተን አናውቅም። ያዩ ሰዎች ነገሩን፣ አመንናቸው። እዚህ ላይ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል። እኔ ያላየሁት፣ ሌላ ሰው አየሁ ያለው ነገር በእኔ ላይ ግዴታ ይጥልብኛልን?

ጥያቄውን ከላቦራቶሪ አውጥተን ወደ ጓሮ እንውሰደው። ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ፣ ከዱራሜም ወደ ሺንሺቾና ሐዳሮ የተጓዘ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ እያንዳንዱ ቤት በእንሰት ተከቦ ያያል። የሐዲያና የከምባታ ሰው ቆጮውም ቡላውም አሚቾውም ከዚሁ ነው። ቃጫው ገመድ፣ ቅጠሉ መጠቅለያ፣ ተረፈ ምርቱ የከብት መኖ ነው። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮው በእንሰት ላይ እንደተመሠረተ ይነገራል። አንድ እንሰት ለምግብ እስኪደርስ እንደየቦታው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። የጓሮ እንሰት የቤተሰቡ ጎተራ የሚባለው በከንቱ አይደለም።

ይህን ጎተራ የሚያራቁት አንድ በሽታ አለ። መሐል ላይ ያለው ቅጠል ይበጫል፣ ይጠወልጋል፣ ይተኛል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል፤ በመጨረሻም ተክሉ በሙሉ ይበሰብሳል። ኢትዮጵያዊው የዕፀዋት በሽታ ተመራማሪ ዳኛቸው ይርጉ ከባልደረባቸው ከብራድበሪ ጋር እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት የዚህ በሽታ ምክንያት ዛንቶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን አረጋገጡ። የባክቴሪያው ርዝመት ከአንድ ሚሊሜትር ሺህ እጅ አንዱን ወይም ሁለቱን ያህል ነው። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው የሚሻገርባቸው መንገዶች ብዙ ቢሆኑም ዋነኛው ቢላዋ ነው። የታመመን እንሰት የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ሲቆርጥ በሽታውን ይተክልበታል። የተበከለው ተክል ደግሞ ወዲያው ስለማይጠወልግ ጤነኛ መስሎ የሚቆይበት ጊዜ አለ። መድኃኒት የለውም። የሚቻለው የታመመውን ነቅሎ መቅበርና ቢላዋውን እሳት ላይ አግሎ ወይም በበረኪና አጽድቶ መጠቀም ነው።

ታዲያ ይህን አስቡት። ጎረቤት ከጎረቤቱ ቢላዋ ይዋሳል። እንሰት መፋቅ የብዙ ሴቶች የጋራ ሥራ ስለሆነ ቢላዋው ከጓሮ ወደ ጓሮ አብሮ ይዞራል። ቢላዋው ንጹሕ ይመስላል፤ ታጥቧልም። ከወራት በኋላ የጎረቤት ጓሮ ይጠወልጋል። የሰባት ዓመት ቀለብ ጠፋ። ማን ነው ተጠያቂው? ቢላዋውን ያዋሰው ሰው «እኔ ምን አየሁና!» ይላል። እውነቱን ነው፤ አላየም።

ከ1968 በፊት ይህ መልስ ሙሉ ነበር። አባቶቻችንና እናቶቻችን የማያውቁትንና ሊያውቁት የማይችሉትን በማድረጋቸው ማንም አይወቅሳቸውም። ሰው የሚጠየቀው በሚያውቀውና ሊያውቀው በሚገባው ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በማይክሮስኮፕ አይቶ «በቢላዋው ላይ አለ» ብሎ ከነገረን በኋላ «አላየሁም» የሚለው መልስ ድሮ የነበረውን ዋጋ ይዞ አይቀጥልም። መሣሪያው ያስረዘመው የባለሙያውን ዐይን ብቻ አይደለም፤ የእኛንም ኃላፊነት አብሮ አስረዝሞታል።

«እኔ ራሴ ያላየሁትን በሰው ወሬ እንዴት እታሰራለሁ?» የሚል ካለ አንድ ነገር ላስታውሰው። የረመዳንን ጨረቃ በየዓመቱ በዐይኑ የሚያይ ከመካከላችን ስንቱ ነው? እውነተኛ የሆነ ሰው አየሁ ብሎ ሲመሰክር ሌሎቻችን በእርሱ ዐይን ጾመን እንውላለን። «እኔ ስላላየሁ አልጾምም» የሚል ሰው አልሰማንም። ደመና ሆኖ ጨረቃ ባይታይስ? የሻዕባን ወር 30 ተሞልቶ ይጾማል እንጂ ጨረቃ የለችም አይባልም። ለ«አልታየም» የራሱ ሥርዐት ተበጅቶለታል። ያቺ የላቦራቶሪ ልጅ «ነገ ይመለሱ፣ ደግሜ አያለሁ» ስትል የሠራችው ይህንኑ የመሰለ ነው። የማይታየውን በእውነተኛ ምስክር ቃል መቀበል፣ ያልታየውንም በሥርዐት መያዝ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ጉዳዩ የገበሬው ብቻ እንዳይመስለን ወደ ገበያ እንግባ። ከከተማ አንባቢዎቼ ብዙዎቹ ነጋዴዎች ናችሁና ይህ ይበልጥ የሚነካው እናንተን ነው። ሐዳሮና አካባቢው በዝንጅብል የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ራልስቶኒያ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ በከምባታ፣ በወላይታና በሌሎችም አካባቢዎች የዝንጅብል ማሳዎችን አጠወለገ። በዝንጅብል የሚተዳደሩ ብዙ ቤተሰቦች ያላቸውን አጡ። ይህ በሽታ ከሚዛመትባቸው መንገዶች ዋነኛው ለዘር የሚሸጠው ዝንጅብል ነው። ዘሩ ላዩ ጤነኛ፣ ውስጡ የተበከለ ሊሆን ይችላል። ገዢ አገላብጦ አይቶ፣ አሽትቶ፣ ተደስቶ ይገዛል፤ ይተክለዋል፤ ከወራት በኋላ ማሳው ቢጫ ይሆናል።

በንግድ ሥርዐታችን «ዐይብ» ያለበትን ዕቃ ጉድለቱን ሳይናገሩ መሸጥ እንደማይፈቀድ ሁላችንም እናውቃለን። የተቀደደ ጨርቅ አጣጥፎ የሸጠ ሰው ጥፋቱ ግልጽ ነው። ዐይን የማያየው ዐይብስ? ሻጩ «እኔም አላየሁትም» ቢል ይበቃዋልን? በእኔ አስተያየት መልሱ ሻጩ በሚያውቀው ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። ዘሩ ከጤነኛ ማሳ የመጣ መሆኑን ጠይቆ፣ አጣርቶ፣ ምንም ምልክት ሳያገኝ የሸጠ ሰው የሚችለውን አድርጓል። ማሳው ባለፈው ዓመት እንደጠወለገ እያወቀ፣ ዘሩን አጥቦ በማዳበሪያ ሞልቶ ራቅ ወዳለ ገበያ የወሰደው ሰው ግን «አላየሁም» ማለት አይችልም። እርሱ ማየት የማይችል አልነበረም፤ ማየት አልፈለገም። አለማየትና አለመፈለግ በአንድ ቃል ስለሚነገሩ ብቻ አንድ ናቸው ብለን መሳሳት የለብንም።

በነገራችን ላይ ማይክሮስኮፕ ባይኖርም እዚያው ማሳ ላይ የሚሠራ ዘዴ አለ። መጠውለግ የጀመረውን የዝንጅብል ግንድ በስለት ቆርጦ ጫፉን ጥርት ያለ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ማንጠልጠል ነው። በሽታው ካለበት በደቂቃዎች ውስጥ ከተቆረጠው ጫፍ እንደ ወተት ያለ ክር ወደ ታች ይወርዳል። ያ ክር ስፍር ቁጥር የሌለው ባክቴሪያ ነው። ያንኑ ስስ ቅጠቃጭ በስላይድ ላይ በውሃ ጠብታ አኑረው በማይክሮስኮፕ ቢያዩት ከጫፉ እንደ ጢስ ሲተም ይታያል። እንግዲህ አንድ ብርጭቆ ውሃ ያለው ሰው ከማጣራት የሚያግደው ምንድን ነው? ውሃው ጥርት ብሎ ቢቀር ግን እዚህም «አላየሁም» እንጂ «የለም» አይባልም።

እስካሁን የተናገርኩት ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። በተግባር ግን ሁለት ከባድ ችግሮች አሉ።

አንደኛው ይሉኝታ ነው። ጎረቤቴ ቢላዋ ሲያውሰኝ ፊቱ እሳት ላይ ባግለው ምን ይላል? «ጓሮዬ ታሟል ማለትህ ነው ወይ?» ብሎ ይቀየመኛል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው እያወቀ ዝም ይላል። እዚህ ላይ ከገዛ ማዕዳችን መማር እንችላለን። ለምግብ ስንቀርብ ውሃ ይዞ የሚያስታጥብ ልጅ በየእንግዳው ፊት ይቆማል። «እጄ ቆሻሻ ነው ማለትህ ነው?» ብሎ የተቆጣ እንግዳ አይተን እናውቃለን? አናውቅም። ሁሉም ስለሚታጠብ ማንም አይሰደብም። ቢላዋንም ማጋል እንዲሁ የሁሉም ልማድ ቢሆን፣ አዋሹም ራሱ ቀድሞ አግሎ ቢሰጥ፣ ነገሩ ክስ መሆኑ ቀርቶ አክብሮት ይሆናል። ይሉኝታን ማስወገድ ያስቸግራል፤ ይሉኝታ በጎውን ልማድ እንዲጠብቅ ማድረግ ግን ይቻላል።

ሁለተኛው ኪሣራ ነው። እውነቱን የተናገረ ሰው ለብቻው ይከስራል። ዘሩ የተበከለ መሆኑን ያመነ ነጋዴ ካፒታሉ ይሄዳል፤ የታመመውን እንሰት ነቅሎ የቀበረ ገበሬ ቀለቡ ይጎድላል። ያልተናገረውና ያልነቀለው ግን ለጊዜውም ቢሆን ይጠቀማል። እውነት ለተናገረው ኪሣራ፣ ለዋሸው ትርፍ የሚሆንባትን ገበያ ዝም ብለን እያየን «ሰው እውነት መናገር ትቷል» ብለን ብናማርር ምን ዋጋ አለው? ለቅሶ ላይ የሚሰበሰበው እድር፣ ችግር ላይ የሚረዳዳው መንደር፣ ጓሮውን ለሌሎች ደኅንነት ሲል የነቀለውን ሰው ቢደግፈው ከሌላው እርዳታ ሁሉ የሚያንስ አይሆንም። የአንዱ መንቀል የሁሉም መዳን ነውና ወጪውም የሁሉም ሊሆን ይገባዋል።

ወደ ላቦራቶሪው መስኮት ስንመለስም ይኸው ነው። ባለሙያዋ መቶ ቦታ ሳታይ «አልታየም» ብላ ከጻፈች አማናዋን አጉድላለች። ነገር ግን ፍርዱን እርሷ ላይ ብቻ መጣልም ግፍ ነው። አንድን ስላይድ በሥርዐቱ ማየት ጊዜ ይወስዳል። ከመስኮቱ ውጭ ያለው ሰልፍ የማያልቅ፣ ማይክሮስኮፑ አንድ ብቻ፣ መብራቱ በየሰዓቱ የሚጠፋ፣ ቀለሙም ያረጀ ከሆነ መቶ ቦታ እንድታይ የምትጠየቀው በምን ዐይኗ ነው? እንድታይ የሚጠይቃት ሁሉ የምታይበትን ሊያቀርብላት ግድ ነው። እኛም ሰልፈኞቹ «ቶሎ በይ!» እያልን መስኮቱን ስንደበድብ የማንን ደም እንደምናስቸኩላት ብናስብ መልካም ነው።

ዛሬ በሆሳዕና ለከተማዋ የቀድሞ ስም መታሰቢያ በሆነው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ወጣቶች በማይክሮስኮፕ ይማራሉ። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልም በ15ኛው ክፍለ ዘመን የሐዲያ ገዥ ልጅ በነበሩትና ለኢትዮጵያ ንግሥትነት በበቁት በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም ይጠራል። አሁን ሌንሱ ወደ በራችን ቀርቧል። እውቀቱ በቀረበ መጠን «አላየሁም» የምንልበት ቦታ እየጠበበ መሄዱን አንርሳ። የተማሩት ልጆቻችንም ያዩትን በሐዲይኛም ሆነ በከምባትኛ፣ እናቶቻቸው በሚገባቸው ቋንቋ የማስረዳት ዕዳ አለባቸው። በማይገባው ቋንቋ የተነገረው ሰው አልተነገረውም፤ ያልተነገረውንም በምን እንጠይቀዋለን?

ይሁንና ማይክሮስኮፑ ከሚችለው በላይ አንጠብቅበት። በቢላዋው ላይ ያለውን ባክቴሪያ ሊያሳየን ይችላል፤ ቢላዋውን እሳት ላይ የሚያኖረው ግን የእኛው እጅ ነው። በደሙ ውስጥ ያለውን ቀለበት ያሳያል፤ ያላየነውን አየን ከማለት፣ ያየነውንም አላየንም ከማለት የሚጠብቀን ሌላ ነገር ነው። እርሱን በየትኛውም ሌንስ አጉልተን ልናየው አንችልም፤ የሚታየው በሥራችን ላይ ብቻ ነው።

ከእንግዲህ «አላየሁም» ልንል ስንነሣ ራሳችንን አንድ ጊዜ እንጠይቅ። ፈልጌ ነው ያላየሁት ወይስ ላለማየት ፊቴን አዙሬ? ፈልጎ ላጣ ሰው «አላየሁም» የእውነት ቃል ነው፤ ሊከበርም ይገባል። ፊቱን ላዞረ ግን ምክንያት አይሆነውም።

ያ ተቆጥቶ የሄደ ነጋዴ በማግሥቱ ተመልሶ ይምጣ አይምጣ፣ እኔ በቦታው አልነበርኩምና አላየሁም። መጥቶ ከሆነ ግን ያቺ ልጅ ደግማ እንዳየችለት አልጠራጠርም።

ወላሁ አዕለም።